የኋላው አሞርዛተር እርስዎ ነዎት፦ ስለ ቀላል ሃርድቴይል የተራራ ብስክሌት አያያዝና አነዳድ

ሃርድቴይል የሚባለው የተራራ ብስክሌት ከፊት ብቻ አሞርዛተር ያለው፣ የኋላ ጎማው ግን ከፍሬሙ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ብስክሌት ነው። ለአገር አቋራጭ መንገድ ተብሎ የሚሠራው ቀላሉ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ባለ 29 ኢንች ጎማ ሲሆን፣ የፊት አሞርዛተሩ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል፤ ክብደቱም እንደ ዋጋው ከ9 እስከ 12 ኪሎ ግራም ባለው መካከል ይገኛል። የአገር አቋራጭ የተራራ ብስክሌት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ከገባ ወዲህ ሜዳው እየከፋ፣ ድንጋዩና ዝላዩም እየበዛ ስለ ሄደ፣ ዛሬ ከታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች አብዛኞቹ ከኋላም አሞርዛተር ያለውን ብስክሌት ይመርጣሉ። ቅዳሜ ማለዳ ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ለሚወጣና ለምሳ ቤቱ ለሚመለስ ሰው ግን ሃርድቴይሉ አሁንም የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም የሚያልቅ ኩሽኔታው፣ የሚፈስስ ዘይቱና ባለሙያ የሚሻ ክፍሉ ያነሰ ነው።

ለዚህ የሚከፈል ዋጋ ግን አለ። ከኋላ የጎደለው አሞርዛተር ይሠራው የነበረው ሥራ ስለማይቀር፣ ለጎማው ንፋስ፣ ለነጂው ጉልበትና መንገድ ለሚመርጠው ዓይን ይከፋፈላል። ቀላል ሃርድቴይል ገዝተው ወገባቸውን ያመማቸው፣ ወይም ቸርኬያቸው የተጣመመባቸው ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን የዘነጉ ናቸው።

ስለ መግዛት

ገዢ በመጀመሪያ የሚያየው ክብደቱን ነው፤ ሻጭም ይህን ስለሚያውቅ ብስክሌቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ያሳያል። ቅለት በእርግጥ ይጠቅማል፤ ሆኖም ሒሳቡን መሥራት ደግ ነው። 73 ኪሎ የሚመዝን ሰው 12 ኪሎ በሚመዝን ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ሁለቱ በአንድነት 85 ኪሎ ይሆናሉ፤ ከብስክሌቱ 1 ኪሎ ቢቀነስ፣ በዚያው ጉልበት አንድ ሰዓት በሚፈጅ ዳገት ላይ የሚገኘው ትርፍ 40 ሰከንድ ገደማ ነው። ለዚህች 40 ሰከንድ ለካርቦን ፍሬም የሚጨመረው ገንዘብ ደግሞ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥሩ የአሉሚኒየም ፍሬም መርጦ፣ የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማ፣ ለቀላል ቸርኬና በአውራ ጣት በሚጫን ቁልፍ ከፍና ዝቅ ለሚል የኮርቻ ዘንግ ማዋል ይሻላል። ይህ ዘንግ ከተራው ዘንግ ሩብ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ክብደት ይጨምራል፤ ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ከመንገድ ገለል ስለሚያደርግ ግን ኋላው በማይተጣጠፍ ብስክሌት ላይ ለተጨመረው ክብደት አላዝንም።

ከክብደቱም በላይ እኔ የማስቀድመው ጥያቄ የሚያልቀው ዕቃ ሲያልቅ ምትኩ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ካቴና፣ የፍሬን ሸራ፣ ጎማና የአሞርዛተር ጎሚኒ ያልቃሉ። ከሁሉም የምትረሳው ግን የኋላ ማርሽ መቀየሪያው የሚታሰርባት የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። ይህች ቁራጭ ፍሬሙ እንዳይሰበር እርሷ አስቀድማ እንድትሰበር ሆና የተሠራች ስትሆን፣ በቀደመው ጊዜ እያንዳንዱ ፍሬም የራሱ ቅርጽ ያላት ቁራጭ ስለ ነበረችው፣ አንዷ ብትሰበር ምትኳን ፍለጋ ወራት ይወስድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም የተባለው ኩባንያ ለብዙ ፍሬሞች በአንድነት የምትሆን ቁራጭ ስላወጣ፣ ይህችን የምትቀበል ፍሬም መምረጥ ወደፊት ብዙ ጣጣ ያስቀራል። የትኛዋም ብትሆን ብስክሌቱን በገዙበት ዕለት ሁለት መለዋወጫ አብረው ይግዙ።

ማርሹን በተመለከተ፣ ከፊት አንድ ባለ ጥርስ ቀለበት ብቻ፣ ከኋላ ደግሞ 12 ደረጃ ያለው አሠራር ዛሬ የተለመደ ነው። የፊቱ 32 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 51 ጥርስ ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 1 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ይህ ለሜዳ አገር ሰው በጣም ቀላል ሊመስለው ይችላል። የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በ30 በመቶ ገደማ በሚያንስበት፣ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ጫፍ ላይ ግን ማንም አይበዛም አይለውም፤ እንዲያውም ጀማሪ የሆነ ሰው የፊቱን ወደ 30 ጥርስ ቢያወርደው አይጸጸትም።

ከውጭ አገር በሻንጣ ለሚያመጡት ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ብስክሌቱ ተፈትቶ በካርቶን ሲገባ የግራው ፔዳል ብሎን በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚፈታ አይዘንጉ፤ ጎማው ሲወጣ በፍሬን ሸራዎቹ መካከል አንድ ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ይክተቱ፤ አለበለዚያ መያዣው ሳይታሰብ ሲጨበጥ ሸራዎቹ ተጣብቀው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ከደረሱ በኋላ ደግሞ የጎማውንና የአሞርዛተሩን ንፋስ እንደገና ይለኩ። በባሕር ጠለል ላይ፣ ለምሳሌ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ፣ ለክቶ የተሞላ ጎማ እዚህ ሲደርስ በውጭ ያለው አየር ስለሚሳሳ በግፊት መለኪያው 0.25 ባር ያህል ጨምሮ ይገኛል። ለመኪና ጎማ ይህ ምንም አይደለም፤ ለዚህ ብስክሌት ግን ቀጥሎ እንደምናየው ብዙ ነው።

ስለ ጎማና ስለ ንፋስ

አገራችን ውስጥ ብስክሌት የነዳን ሰዎች ሁላችን ጎማ ድንጋይ እስኪመስል ድረስ መነፋት አለበት ብለን አድገናል። በአስፋልት ላይ ይህ ያስኬድ ይሆናል። በሥርና በጠጠር ላይ ግን የጠነከረ ጎማ እያንዳንዷን ጠጠር ወደ ላይ ይዘልላታል፤ በዘለለ ቁጥርም ጉልበትዎ ወደ ፊት በመሄድ ፈንታ እርስዎን ወደ ላይ በማንሣት ያልቃል፤ ዳገት ላይም ኋላው መሬት ስለማይቆነጥጥ በባዶ ይሽከረከራል። ኋላው አሞርዛተር ለሌለው ብስክሌት ያለው ስፕሪንግ የጎማው አየር ብቻ ነው።

ከ2.2 እስከ 2.4 ኢንች ስፋት ያለው ጎማ ከመነዳሪ ሳይኖረው በፈሳሽ ማሸጊያ ብቻ የሚሠራ ቱብለስ ከሆነ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከፊት 1.4 ባር፣ ከኋላ 1.6 ባር ጥሩ መነሻ ነው፤ በሌላው መለኪያ 20 እና 23 ፒ.ኤስ.አይ. ማለት ነው። ከመነዳሪ ካለው ከመነዳሪው በድንጋይና በቸርኬ መካከል ተቆንጥጦ እንዳይበሳ 2 ባር ገደማ መድረስ ያስፈልጋል፤ ቱብለስን የምመርጠውም በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው። ከዚህ መነሻ በኋላ በ0.1 ባር እየቀነሱ አንድን የታወቀ መንገድ ደጋግመው ይሂዱበት። ቸርኬው ድንጋይ ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው አይረሳውም፤ እርሱን ሲሰሙ 0.1 መልሰው ይጨምሩና እዚያ ላይ ይቁሙ።

ወደ ጎሚስታ ለመንፋት ሲሄዱ ሁለት ነገር ያስተውሉ። አንደኛ፣ የብዙዎቹ ብስክሌቶች ቫልቭ ቀጭንና ጫፉ በጣት የሚፈታ ስለ ሆነ የመኪናው መንፊያ ያለ ትንሽ የናስ መጋጠሚያ አይዘውም፤ መጋጠሚያዋን ከቁልፍ መያዣዎ ጋር ያንጠልጥሏት። ሁለተኛ፣ ለመኪና የተሠራው ኮምፕረሰር ትንሿን ጎማ በሰከንዶች ውስጥ ከልክ በላይ ይሞላታል። ስለዚህ ልጁ «ሃምሳ ላድርግልህ?» ሲል በትሕትና እምቢ ብለው፣ በእጅ መንፊያና በራስዎ መለኪያ ቤት ውስጥ መጨረሱ ይሻላል።

ፈሳሽ ማሸጊያው በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይደርቃል። በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ ጎማውን ጆሮዎ አጠገብ ይዘው ሲነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ መጨመር አለበት። በእንጦጦ የሚያጋጥመው የቀጋና የአጋም እሾህ ፈሳሹ ራሱ ይደፍነዋል፤ ወደ ስምጥ ሸለቆ ወርደው ግራር ያለበት ቦታ የሚነዱ ከሆነ ግን የጎማ መወተፊያና አንድ መለዋወጫ ከመነዳሪ ሳይዙ ከቤት አይውጡ።

ስለ ፊቱ አሞርዛተር በአጭሩ ይህን ልበል። እንደ ወትሮው ልብስዎን ለብሰው፣ ቦርሳዎን አዝለው፣ ብስክሌቱ ላይ ሲቆሙ ከ100 ሚሊ ሜትሩ ከ15 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ መስመጥ አለበት፤ በዘንጉ ላይ ያለችው የላስቲክ ቀለበት ይህን ታሳያለች። ካነሰ ከአየሩ ይቀንሱ፣ ከበዛ ይጨምሩ። ዳገት ላይ የሚዘጋውን ቁልፍ ቁልቁለቱ ሳይጀምር መክፈትን ልማድ ያድርጉት፤ እኔ ረስቼ በተዘጋ አሞርዛተር ደረጃ የሚመስል ድንጋይ ወርጄ፣ አንጓዬ ሳምንት ሙሉ ብርጭቆ አላነሣ ብሎኛል።

ስለ መንዳት

ኮርቻው ላይ ተቀምጠው ተረከዝዎን በታችኛው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ካለ የኮርቻው ከፍታ ትክክል ነው፤ ሲነዱ የሚረግጡት በእግር መዳፍ ፊት ስለ ሆነ ጉልበትዎ በመጠኑ ይታጠፋል። ቁልቁለት ሲመጣ ኮርቻውን ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ያውርዱት።

በዳገት ላይ ሃርድቴይል ደስ የሚል ነገር ነው፤ የረገጡት ሁሉ ወደ ጎማው ይደርሳል። ሆኖም ቀጥ ብለው በቆሙ ጊዜ ክብደትዎ ወደ ፊት ስለሚሄድ ኋላው ቀልሎ ይንሸራተታል። ስለዚህ መንገዱ ላይ በተኛው የባሕር ዛፍ ቅጠል ላይ ሲወጡ ተቀምጠው ወደ ኮርቻው አፍንጫ ይጠጉ፣ ደረትዎን ወደ መሪው ዝቅ፣ ክርንዎንም ወደ ጎድንዎ ሰብሰብ ያድርጉ፣ ፔዳሉንም በእኩል ጉልበት ያዙሩ። ቅጠሉ በደረቀ ጊዜ እንኳ ከሥሩ ዘይት የተቀባ ያህል ያንሸራትታል፤ ከዝናብ በኋላማ አይወራም። የዛፍ ሥር መንገዱን ሲያቋርጥ በቀጥታ፣ ዘጠና ዲግሪ ሆነው ይለፉት፤ በአግድም የያዘው ሥር ጎማውን ይዞት ይሄዳል።

የኋላው ጎማ ድንጋይ ሊመታ ሲል የሚደረገውን እዚህ ላይ ቀረብ ብለን እንየው። የፊቱ ጎማ ድንጋዩን ሲነካ አሞርዛተሩ ይውጠዋል፤ ኋላው እዚያው ድንጋይ ላይ እስኪደርስ በመጠነኛ ፍጥነት ከግማሽ ሰከንድ የማይበልጥ ጊዜ አለ። በዚህች ጊዜ ውስጥ ከኮርቻው አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ይበሉ፤ ፔዳሎቹ ከመሬት ጋር እኩል ይሁኑ፤ ጉልበትዎ ታጥፎ ለስላሳ ይሁን፤ ብስክሌቱ ከበታችዎ ወደ ላይ ሲመጣ አይግፉት፤ ወደ ሆድዎ ይምጣ። ደረትዎ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ ሆኖ እንዲቀጥል፣ ከበታች ብስክሌቱ ብቻ እንዲወጣና እንዲወርድ ማድረግ ነው ሥራው። ይህን በሜዳ ላይ፣ አንድ ወፍራም ጭራሮ መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሃያ ጊዜ ቢሞክሩት ሰውነትዎ ይለምደዋል።

በቁልቁለት ላይ ፊቱ ስለሚሰምጥ ብስክሌቱ ከመሬቱ ይበልጥ ያጋደለ ይመስልዎታል። ተረከዝ ወደ ታች፣ ወገብ በመጠኑ ወደ ኋላ፣ ዓይን ደግሞ ከጎማው ፊት ከ5 እስከ 10 ሜትር ራቅ ብሎ ይታይ። ጎማውን የሚያይ ሰው ድንጋዩን ያያል፤ ያየውንም ይመታዋል። ፍሬን በአንድ ጣት ይበቃል። ከእንጦጦ እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግለዋል፤ ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅ ይሻላል። አዲስ ሸራ ሲገጠም ደግሞ መንገድ ከመውጣትዎ በፊት ሜዳ ላይ ሃያ ጊዜ ያህል ፍጥነት እየያዙ፣ ጎማው ሳይቆም፣ ቀስ እያደረጉ ያቀዝቅዙት፤ ሸራና ዲስክ የሚተዋወቁት እንደዚህ ነው።

መንገዱ የብስክሌት ብቻ እንዳልሆነም ሊታሰብ ይገባል። በማለዳ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ እንጨት አዝለው የሚወርዱ እናቶች ሸክማቸው ከትከሻቸው በሁለት በኩል ይዘልቃል፤ ወገባቸው የጎበጠ ስለ ሆነ ወደ ኋላ መዞር አይችሉም። ከኋላ ደርሶ ደወል መደወል ያስደነግጣል። ከሩቅ ፍጥነት ቀንሰው «እማማ፣ ከኋላዎ ብስክሌት ነኝ፣ በግራ ልለፍ?» ሲሉ «እለፍ ልጄ» እስኪባል መጠበቅ አንድ ደቂቃ እንኳ አይወስድም። ለማርያምና ለራጉኤል በዓላት ተሳላሚው ስለሚበዛ በነዚያ ቀናት ሌላ መንገድ መምረጥ ጥሩ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ደግሞ ጫካውን ለጅቡ ይተዉለት።

ስለ ጭቃና ስለ እንክብካቤ

በሐምሌ ወር ወደ ሱሉልታ አቅጣጫ ስነዳ መረሬ አፈር ገባሁ። መረሬ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ነው፤ ጎማ ላይ ይጠቀለላል፣ በፍሬሙና በጎማው መካከል ያለችውን ክፍተት ይሞላል፣ ሣርና ገለባ ይቀላቀልበትና ይጠነክራል። ብስክሌቱ አልሄድ ሲለኝ ሞኝነቴ ጠንክሬ እንድረግጥ መከረኝ፤ ካቴናው ላይ የነበረው ጭቃ ማርሽ መቀየሪያውን ይዞ ወደ ኋላው ጎማ ሽቦዎች ውስጥ ከተተው፤ መቀየሪያው የሚታሰርባት ያቺ የአሉሚኒየም ቁራጭም ቀጭ ብላ ተሰበረች። ያኔ መለዋወጫዋ ቤት ነበረች። ከብት ይጠብቅ የነበረ ልጅ ቀርቦ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጭቃ በጭራሮ ነው እንጂ በእግር አይለቅም» አለና ጭራሮ አቀበለኝ። ምክሩ ትክክል ነበር፤ የዘገየው እኔ ነበርኩ፤ ብስክሌቱን ተሸክሜ ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ሄድኩ። ጎማው መክበድ በጀመረ ቅጽበት ወርዶ መጥረግ፣ ካልሆነም ብስክሌቱን በትከሻ ተሸክሞ መረሬውን መሻገር እንጂ መርገጥ መፍትሔ አይደለም። በክረምት ጠጠርና ቀይ አፈር ያለበትን መንገድ መምረጥ ከሁሉ ይሻላል።

ብስክሌቱን ላቫጆ ወስዶ በከፍተኛ ግፊት ማሳጠብ ውኃውን ወደ ኩሽኔታዎቹ ውስጥ ይነዳዋል፤ ግራሶው ታጥቦ ይወጣና በጥቂት ወራት ውስጥ መንቀጭቀጭ ይጀምራል። አንድ ባልዲ ውኃ፣ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ካቴናውን ሲያጸዱ በናፍጣ የራሰ ጨርቅ ወደ ዲስኩ አያስጠጉ፤ አንዲት ጠብታ ሸራውን ታበላሸዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይዝም። በብዙ ቦታ ካቴና ላይ የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይትም አቧራ እየሰበሰበ ጥርሱን እንደ ሞረድ ስለሚበላ ለብስክሌት የተሠራውን ዘይት ይጠቀሙ፤ በበጋ ቀጭኑን፣ በክረምት ወፍራሙን፤ ከቀቡ በኋላም ከላይ የተረፈውን በጨርቅ ይጥረጉት።

ካቴና ሲያልቅ ይረዝማል፤ የረዘመው ካቴና ውድ የሆኑትን የኋላ ጥርሶች ይዞ ነው የሚያልቀው። ልዩ መለኪያ ከሌለዎት የብረት ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ችንካር መሐል ጀምረው 24 ችንካር ሲቆጥሩ አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 306.3 ከደረሰ ባለ 12 ደረጃውን ካቴና መቀየር ይገባል።

አሞርዛተሩን በተመለከተ ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ዘንጎቹን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ የሥራው ሁሉ መጀመሪያ ነው። በየ50 የመንዳት ሰዓቱ የታችኛው ክፍል ተከፍቶ ዘይቱና አቧራ መከላከያ ጎሚኒው ሊታይ ይገባል፤ ጎሚኒውን እዚህ ማግኘት ስለሚያስቸግር ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲኖር አስቀድሞ ማስመጣት ነው።

ካርቦን ያለው ሰው የመሪውን አንገት ብሎኖች የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ ቁልፍ 5 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ወይም በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ያጥብቅ፤ በብሩጎላ በእጅ ጉልበት ብቻ ማጥበቅ ስንጥቅ ያመጣል። ከወደቁ በኋላም ፍሬሙን በሳንቲም ቀስ አድርገው እየቆረቆሩ ያዳምጡ፤ ጤነኛው ይጠራል፣ የተሰነጠቀው ግን የታፈነ ድምፅ ይሰጣል።

ስለ ፍሬን ዘይት በመጨረሻ ላሳስብ። አንዳንድ ፍሬን የሚሠራው በማዕድን ዘይት ነው፤ ሺማኖ የሚያወጣቸው ለዚህ ምሳሌ ናቸው፤ ሌላው ደግሞ ዶት በሚባለው፣ ለመኪናም በሚሆነው ዘይት ይሠራል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። የመኪና ባለሙያ በቅን ልቦና የፍሬን ዘይት ጨምሮበት፣ የማዕድን ዘይት የሚፈልገው ፍሬን ጎሚኒው አብጦ መያዣው ተጨብጦ የቀረበት ብስክሌት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከመያዣው ክዳን ላይ የተጻፈውን አንብበው፣ ለሚሠራልዎ ሰው ራስዎ ዘይቱን ይዘው ይሂዱ።